የዳነ ሰውና የባዕድ አገር በር

ከበሽታ መዳን አንድ ነገር ነው፤ መዳንን ለሌላ ሰው ማስረዳት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሕመምተኛው «ድነሃል» የሚለውን ቃል ከሐኪሙ አፍ በሰማበት ቀን መከራው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሥራ ሲጠይቅ፣ ትዳር ሲያስብ፣ ይልቁንም በባዕድ አገር ለዘለቄታው ለመኖር ፈቃድ ሲያመለክት፣ ያ ድል ሆነ የተባለው በሽታ ከመዝገብ ውስጥ ተነሥቶ እንደገና ከፊቱ ይቆማል። ዛሬ ከወጣት አንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ይህ ነው። ከካንሰር የዳነ ሰው ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመኖር ሲያመለክት ምን ይጠየቃል? ምንስ ይዞ መቅረብ ይገባዋል? እኛስ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ወረቀት የምንጽፍና ማኅተም የምንመታ፣ በዚህ ነገር ምን ድርሻ አለን?

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ እንዳይመስለን። ከእኛ ጋር ትምህርታቸውን ከጨረሱት ወጣቶች መካከል የአሜሪካን ዲቪ ሎተሪ ያልሞላ፣ ወይም በካናዳና በአውስትራሊያ ዘመድ የሌለው ማግኘት ቀላል አይደለም። ካንሰርም ቢሆን የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ተማሪውንም ጸሐፊውንም ይይዛል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ተከፍቷል። ቀድሞ ስሙ ሲጠራ የሞት ፍርድ ይመስል የነበረው በሽታ አሁን በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን ሆኗል። ታክመው ጤናቸውን አግኝተው ወደ ትምህርታቸውና ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች እንደ ማንኛውም ሰው ያስባሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ወደ ውጭ መሄድን የሚያስቡ ይኖራሉ።

የዳነ ሰው በር ሲዘጋበት ማየት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሁሉ ዘነበወርቅ የሚባለውን ሰፈር ያውቀዋል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ዓመታት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራውና በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዛሬ በአጭሩ አለርት የምንለው ነው። ከሩቅ አገር ፈውስ ፍለጋ ወደዚህ ከመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ከዳኑም በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው አልተመለሱም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ ሰፈር መሥርተው ቀሩ። ሐኪሙ «ድነዋል» ሲል መንደሩ «አይምጡብን» አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። በ1974 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠትን ዘዴ ካሳወቀ ወዲህ ሥጋ ደዌ በታወቀ ጊዜ ውስጥ የሚድን በሽታ ሆኗል፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ ለሌላው ማስተላለፉን ያቆማል። ነገር ግን መንደሩ ማስረጃ አልጠየቀም። ማስረጃ የማይጠይቅን ሰው ደግሞ ማሳመን አይቻልም። የባዕድ አገር መንግሥት ከዚያ መንደር የሚለየው በዚህ ነው፤ እርሱ በጽሑፍ ይጠይቃል፣ በጽሑፍም የሚሰጠውን መልስ ይመለከታል። በሩ ጠባብ ቢሆንም ቁልፍ አለው ማለት ነው። ቁልፉ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል።

የነዚህ አገሮች የጤና ሕግ ሁለት ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው «በሽታህ ወደ ሕዝባችን ይተላለፋል ወይ?» የሚል ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ ውስጥ በዚህ ረገድ በስም የተጠቀሱት እንደ ሳንባ ነቀርሳ፣ እንደ ቂጥኝ፣ እንደ ጨብጥና የመተላለፍ ኃይል እንዳለው ሥጋ ደዌ ያሉት ናቸው። ኤች አይ ቪም ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ ታኅሣሥ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ተሠርዟል። ካንሰር ተላላፊ አይደለምና በዚህ ጥያቄ ማንም አይወድቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን «ወጪህ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። የካናዳ ሕግ አመልካቹ በሕዝቡ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ላይ ከመጠን ያለፈ ሸክም ይሆን እንደሆነ ይመረምራል። መጠኑ በ2010 ዓ.ም. ከቀድሞው ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ ተደርጓል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ለ2025 የተወሰነው በዓመት 27,162 የካናዳ ዶላር ነበር። አውስትራሊያም ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ልኩን ወደ 86,000 የአውስትራሊያ ዶላር ከፍ አድርጋለች። በአሜሪካ ደግሞ ካንሰር ብቻውን የሚከለክል ሕመም ባይሆንም፣ አመልካቹ ወደፊት የመንግሥት ጥገኛ ይሆን እንደሆነ ይመዘናል። በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ የዚያው አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቆንስሎቹ ባስተላለፈው መመሪያ፣ ካንሰርን የመሳሰሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ ሕመሞች በዚህ ሚዛን ውስጥ እንዲገቡ ማዘዙ ተዘግቧል።

በሌላ በኩል ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው የሕጉ ለጋስ ገጽ አለ። በካናዳ ሕግ የዜጋ ወይም የቋሚ ነዋሪ ባል፣ ሚስትና ጥገኛ ልጅ፣ እንዲሁም ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛ፣ በሕክምና ወጪ ምክንያት አይከለከሉም። ከዚህም ሌላ የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሰጠው ፍርድ፣ ሹሙ የሕመሙን ስም ብቻ አይቶ መወሰን እንደማይገባውና የሰውየውን የራሱን ሁኔታ መመርመር እንዳለበት ደንግጓል። ስለዚህ «ካንሰር ታምሜ ነበርና ነገሬ አልቋል» ብሎ ሳይጠይቁ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው።

የኒውዚላንድን መመሪያ የተመለከትን እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆንልናል። መመሪያው ካንሰርን፣ ቀድሞ ታሞ የዳነውንም ጭምር፣ ከፍተኛ ወጪ ያስከትላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ሕመሞች ጋር ይቆጥረዋል። ነገር ግን ወዲያው አስከትሎ የመዳን ተስፋው ከመቶ ዘጠና በላይ የሆነውን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ለምሳሌ ያህል ገና በመጀመሪያው ደረጃ ሳለ የተደረሰበትና ከታከመ አምስት ዓመት የሞላው የጡት ካንሰር እንደ መሰናክል አይቆጠርም። አንባቢ ልብ ይበል፤ የሰውየውን ዕድል የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የበሽታው ደረጃና ሕክምናው የተፈጸመበት ቀን። ሁለቱም የሚገኙት ከወረቀት ላይ ነው።

እስቲ አንዲት የኮልፌ ወጣት እናስብ። በ2011 ዓ.ም. በጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ በጊዜ ወደ ሐኪም ቀርባ፣ ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት ወስዳ ዳነች እንበል። ከሰባት ዓመት በኋላ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ስታመለክት፣ ኤምባሲው የሰየመው ሐኪም ጠባሳዋን አይቶ «ደረጃው ስንት ነበር?» ይላታል። እርሷም «መጀመሪያ ነው ብለውኛል» ትላለች። ማስረጃ ስትጠየቅ ግን በእጇ ያለው «ታክማ ተሽሏታል» የሚል ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ብቻ ነው። ከእርሷ ጋር በአንድ ወር የታከመች ሌላዪቱ ደግሞ ሁሉንም በዶሴ አስራ አስቀምጣለች። የሁለቱ ጤንነት አንድ ነው፤ የሁለቱ ዕድል ግን አንድ አይሆንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለታሪክ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የዳነ ሰው በቤቱ ሊያኖረው የሚገባ ዶሴ አለ። በውስጡም ከሥጋው ተወስዶ የተመረመረው ናሙና ውጤት፣ የበሽታው ዓይነትና ደረጃ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገበት ቀን፣ የወሰደው መድኃኒትና ጨረር በየመጠኑ፣ ሕክምናው ያለቀበት ቀን፣ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው የተደረጉት የክትትል ምርመራዎች፣ በመጨረሻም ዛሬ ያለበትን ሁኔታና ወደፊት የሚያስፈልገውን ሕክምና የሚገልጥ የሐኪም ደብዳቤ በስምና በማኅተም ሊገኙ ይገባል። ይህ ሁሉ መሰብሰብ ያለበት ጉዞ ሲታሰብ አይደለም፤ ሐኪሙ በቦታው፣ መዝገቡም በመደርደሪያው ላይ ሳለ ነው። ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ እንደተባለው፣ ታሞ የተነሣ ሰው ወረቀቱንም መርሳቱ የተለመደ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ «ከመናገር መደበቅ ይሻላል» ብለው ይመክራሉ። ይህ ምክር ክፉ ምክር ነው። ጠባሳ ይታያል፤ የሚወሰድ መድኃኒትም ይጠየቃል። በካናዳ ሕግ እውነትን የደበቀ ወይም ያጣመመ አመልካች ለአምስት ዓመት ከማመልከት ሊታገድ ይችላል፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ እገዳው የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ሊታለፍ የሚችለውን ሰው ውሸቱ ያስቀረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ያባቶቻችን ቃል ለቆንስል ጽሕፈት ቤትም ይሠራል። የተቃወመ ደብዳቤ ቢመጣ እንኳ መጨረሻው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ የካናዳ ሹም በጤና ምክንያት ከመከልከሉ በፊት ሥጋቱን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ አመልካቹም በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ የሐኪሙን ማብራሪያ አቅርቦ ሊከራከር ይችላል። የማስረጃ ዶሴ ያለው ሰው ያን ጊዜ አይደነግጥም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። «የሰው አገር ሕግ የሰው አገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ማንኛውም አገር ገንዘብ ቤቱን መጠበቁ መብቱ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ያ ሹም የሚመለከተው ወረቀት የሚጻፈው እዚህ ነው። የሕክምናውን መዝገብ የሚይዝ፣ ካርዱን ፈልጎ የሚያወጣ፣ ግልባጩን የሚያዘጋጅ፣ ቀኑን የሚጽፍ፣ ማኅተሙን የሚመታ እኛን የመሰለ ወጣት ሠራተኛ ነው። «ካርዱ የለም፣ ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ለተናጋሪው የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፤ ለባለጉዳዩ ግን ከልጆቹ ወይም ከሚስቱ ጋር የሚገናኝበትን ዓመት ሊያስረዝምበት ይችላል። በችኮላ የተጻፈ አንድ የተሳሳተ ቀን፣ ደረጃውን ሳይጠቅስ የተፈረመ አንድ ደብዳቤ፣ ሐኪሞች በብዙ ድካም የሠሩትን ሥራ ዋጋ ያሳጣዋል። የሕመምተኛን ምስጢር በሻይ ቤት የሚያወራ ሠራተኛም ዘነበወርቅን ሰፈር እንዲሆን ያስገደደውን የመንደር ሐሜት በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይደግመዋል።

ከዚህም አልፎ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። የባዕድ አገር ቆንስል ከካንሰር የዳነን ሰው በዛሬው ጤናው እንዲመዝንልን የምንሻ ከሆነ፣ እኛ በገዛ አገራችን ሠራተኛ ስንቀጥር፣ ቤት ስናከራይ፣ ልጃችንን ስንድር በዚሁ ሚዛን እንመዝነዋለን ወይ? «ካንሰር ነበረባት» ተብሎ የፈረሰ እጮኝነት የባዕድ ሹም ያፈረሰው አይደለም።

ይሂድ ወይም ይቅር ብሎ መቍረጥ የባለጉዳዩ የራሱ ፈንታ ነው። የሄደውም የቀረውም ግን ከእኛ የሚጠብቀው አንድ ነገር አለ፤ መዳኑን በትክክል መዝግበን፣ በጠየቀን ጊዜ ሳናጉላላ እንድንሰጠው ነው። ሐኪሙ ሰውየውን ከሞት አድኖታል፤ ከቀድሞ በሽታው ስም የሚያድነው ግን በንጹሕ እጅ የተጻፈ እውነተኛ ወረቀት ነው። ያም በየዕለቱ በእጃችን ያልፋል። ወጣቶች ሆይ፣ በነገው ሰኞ ጠዋት መዝገብ ስንከፍት ይህን እናስታውስ።