ወረቀት ማጠፍ ጨዋታ ነው ያለው ማነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ክፍል ውስጥ ወረቀት እየቆረጡ ሲያጣጥፉ ያየ አንድ ባልደረባዬ «አንተ ሰውዬ፣ ባዮሎጂ ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምረው? ፖርሽኑን ጨርስ!» አለኝ። ስቄ አለፍኩ። ማታ ሳስበው ግን አናደደኝ።

ልጆቹ የሚያጥፉት ኢንሱሊንን ነበር። ፕሮቲን ዳታ ባንክ የሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ለትምህርት ብሎ በነፃ ያስቀመጠው፣ በተራ ወረቀት ታትሞ፣ ተቆርጦ የሚታጠፍ ሞዴል አለ። በስልኬ አውርጄ እዚሁ ሁሩሙ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት። ለስልሳ ተማሪ አስር ኮፒ በቃኝ፤ ለስድስት ልጅ አንድ። ስሪዲ ፕሪንተር ቢመጣልን እሰየው፤ እስኪመጣ ግን እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ ወረቀት ብናጥፍ ይሻላል።

«ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ፣ ተርሸሪ፣ ኳተርነሪ» ብሎ የሸመደደ ልጅ ሞልቶናል። «ቅርጹ ቢበላሽ ምን ይሆናል?» ስትለው ግን ዝም ነው። ኢንሱሊን ሁለት ሰንሰለት ነው፤ አንዱ 21፣ ሌላው 30 አሚኖ አሲድ። ሥራውን የሚሠራው ሰንሰለቱ በትክክል ሲታጠፍ ነው። ይሄ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሳለ ጠፍጣፋ ሥዕል አይገባም።

ወረቀቱን በእጇ የያዘች አንዲት ተማሪ ግን ጠየቀችኝ፦ «ባርሲሳ፣ ሙቀት ከነካው ይሄ ቅርጽ ይፈታል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንደ እንቁላል በይው። አንዴ ከተቀቀለ ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም» አልኳት።

ትንሽ ዝም ብላ «እናቴ ኢንሱሊኗን የምታስቀምጠው ከምድጃው በላይ ነው» አለች።

በማግስቱ እናትና ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ። መድኃኒቱ ተቀየረላቸው፤ ፍሪጅ ለሌለው ቤት በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ማስቀመጥ እንደሚቻልም ተነገራቸው። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ጨዋታ ነው?

ጨዋታ ከሆነም ትልልቆቹም ተጫውተውታል። ላይነስ ፖሊንግ በ1948 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ሳለ፣ የፕሮቲን ሰንሰለት ወረቀት ላይ ስሎ እያጠፈ ነው የአልፋ ሄሊክስን ቅርጽ ያገኘው። ዛሬ መጽሐፋችን ውስጥ የምናስሸመድደው ያንኑ የታጠፈ ወረቀት ነው!

«ፈተና ላይ አይመጣም» ለምትሉ ደግሞ፦ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። ፖርሽን ስንጨርስ ነበር እኮ! የጨረስነው ገጹን ነው እንጂ ትምህርቱን አይደለም። ክፍለ ጊዜ እንደሚያጥር፣ ክፍሉ እንደሚጨናነቅ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነው የምውለው። የጠየቅኩት ግን አንድ ክፍለ ጊዜና የአስር ኮፒ ዋጋ ነው።

መቱ፣ ያዮ፣ ጎሬ፣ በደሌ ያላችሁ የባዮሎጂ መምህራን፣ ፋይሉን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ስሪዲ ፕሪንተር ካያችሁ ደግሞ መምህራኖቻችሁን «ለሁሩሙ ልጆች አንድ ሄሞግሎቢን አትሙልን» በሉልኝ። አደራ!