የሰላም ፍሬ በማን ገበታ ይቀርባል?

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነዋሪ ስለ መንግሥታት ድርድር የሚነገረውን ወሬ እንደ ሩቅ አገር ነገር ሊያደምጠው አይችልም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ በአዳማ በኩል ያልፋልና፤ ከሞጆ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውም መንገድ መቂንና ባቱን ነክቶ ሻሸመኔ ይደርሳልና። በባሕር ማዶ አንድ ሰነድ ሲፈረም ወይም ሳይፈረም ሲቀር፣ ነገሩ ውሎ አድሮ በእነዚህ ከተሞች በሽንኩርት ዋጋና በጭነት መኪና ኪራይ ይታወቃል፤ ልጁን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር የሸኘ ወላጅም በልቡ ያውቀዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አባወራና እማወራ ሁሉ ሊጠይቁት የሚገባውን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ይኸውም፦ አንድ የሰላም ውል ወይም አንድ የኢኮኖሚ ውሳኔ መልካም መሆኑን በምን እንለካዋለን? የሚለው ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ የጦርነት ካሣ መሆኑን ከመካከላችን ስንቱ ያስታውሳል? ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ ሕዝባችንን ፈጀ፤ ድል ከተነሣም በኋላ በየካቲት ወር 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ትከፍል ዘንድ ተወሰነባት። ገንዘቡ ግን ወዲያው አልተከፈለም። ክርክሩ ብዙ ዓመት ወስዶ በ1948 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት፣ መጀመሪያ ከተወሰነው ባነሰ ገንዘብ ተቋጨ። በዚያም ካሣ ግድቡ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ይህ ግድብ ለከተሞች መብራት ሰጠ፤ ክረምት ይሞላ በጋ ይደርቅ የነበረውንም የአዋሽን ውኃ አመጣጥኖ በማፍሰሱ ለወንጂ የሸንኮራ እርሻ በጀ። እንግዲህ ደም ያፈሰሰ ጠላት የከፈለው ካሣ መብራትና ስኳር ሆኖ ሲመለስ ዐይተናል ማለት ነው። ሰላም በወረቀት ላይ ብቻ ሳይቀር ወደ ምድር ሲወርድ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

ዳሩ ግን የዚህን ታሪክ ግማሽ ብቻ ተናግሮ ማለፍ ፍርድን ማዛባት ይሆናል። ሐይቁ ሲሞላ ከውኃው በታች የቀረው መሬት ባለቤት የሌለው ጠፍ አልነበረም፤ ኦሮሞዎች የሚያርሱትና ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ርስታቸው ነበር። ወደ ታች ወረድ ብሎም በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ሲስፋፋ የከረዩ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬትና የውኃ መውረጃ ጠበባቸው። እነዚህ ሰዎች በፓሪስም ሆነ በአዲስ አበባ ውሉ በተፈረመበት ጠረጴዛ አጠገብ አልተቀመጡም፤ አሳባቸውንም የጠየቃቸው የለም። ብርሃኑ ለከተማው ሲደርስ ጨለማው ለእነርሱ ተረፋቸው። ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ የሰላምና የልማት ውሳኔ የሚለካው በፈራሚዎቹ ደስታ አይደለም፤ በጠረጴዛው አጠገብ ያልተቀመጡት ሰዎች ከፍሬው በመቅመሳቸው ወይም ባለመቅመሳቸው ነው።

በዚህ መለኪያ የቅርቡን ዘመን ውሎች እስቲ እንመልከታቸው። በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት ተዘጋ፤ የድንበር ኮሚሽንም ተቋቁሞ ፍርዱን ሰጠ። ፍርዱ ግን ወደ ምድር ሳይወርድ ሁለቱ አገሮች ጦርነትም ሰላምም በሌለበት ሁኔታ እስከ ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የአሥመራ የሰላም መግለጫ ድረስ ቆዩ። ከዚያም በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ተከፍቶ ዘመድ ከዘመድ ቢተቃቀፍም፣ በወራት ውስጥ መተላለፊያዎቹ ተመልሰው ተዘጉ። ከጦርነቱ በፊት ወደ አሰብ የሚወርደው የጭነት መኪና በናዝሬት ያልፍ እንደ ነበረ አረጋውያኑ ሾፌሮች ያውቃሉ፤ ያ መንገድ ከተቋረጠ ወዲህ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን በጅቡቲ ወደብ ላይ ወደቀ። መሪዎች ተቃቅፈው ፎቶግራፍ መነሣታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በድንበሩ የሚኖረው ሕዝብና በመንገዱ የሚሠራው ሰው የሚጠብቀው ሥርዓት ካልተከተለው ደስታው እንደ ጠዋት ጤዛ ይረግፋል።

በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣውንም ጦርነት እናስታውስ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድም ወንድሙን ከገደለ በኋላ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የኢትዮጵያ መንግሥትና የትግራይ ሕዝብ ነጻ አውጪ ግንባር ተስማሙ። መድፉ ዝም አለ፤ አውሮፕላን ወደ መቀሌ ተመለሰ፤ ስልክና ባንክ ተከፈተ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህንንም አለማመስገን ውለታ ቢስነት ነው። ሆኖም ውሉ ከተፈረመ ከሁለት ዓመት በኋላ እንኳ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ተፈናቃዮች በመጠለያ ነበሩ። በፕሪቶርያው ጠረጴዛ ያልተቀመጡ ወገኖችም ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው እንጂ አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳዬ ሳልጠየቅ ተወሰነ ብሎ የሚያምን ሰው በዕርቁ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ እንደሚቀመጥ ማንም ልብ ይበል።

ወደ ቤታችን ወደ ኦሮሚያ ስንመለስ፣ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ጦር ብሎ በሚጠራው፣ መንግሥት ግን ሸኔ በሚለው ታጣቂ ኃይልና በመንግሥት መካከል በታንዛኒያ ሁለት ጊዜ ድርድር ተደርጓል። የመጀመሪያው በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በዛንዚባር ሲሆን ሁለተኛው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በዳሬ ሰላም ነበር። ሁለቱም ያለ ስምምነት ተፈጸሙ፤ ከሁለተኛውም በኋላ እያንዳንዱ ወገን ጥፋቱን በሌላው ላይ ጣለ። በኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከዚሁ ኃይል የተለየ አንድ ክፍል ከኦሮሚያ ክልል መንግሥት ጋር ስምምነት ፈርሟል። በዚህ ሁሉ መካከል ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በሰሜን ሸዋ በገብረ ጉራቻ አቅራቢያ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተው ተወሰዱ። ከእነርሱ መካከል ተደራዳሪ አልነበረም፤ ወላጆቻቸውም በየቤቱ ስልክ ይዘው የሚያለቅሱ ድኾች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰላምና ስለ ዝናም ስትጸልይ ስለ መንገደኞችም የምትጸልየው በከንቱ አይደለም፤ መንገደኛ በሰላም የማይገባበት አገር ሰላም አለኝ ሊል አይችልምና።

አንዳንድ ሰዎች ድርድሩ ሁለት ጊዜ ከሸፈ እንግዲህ መነጋገር ምን ይረባል ይላሉ። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። የካሣው ክርክር ከፓሪስ ውል እስከ ስምምነቱ ዘጠኝ ዓመት እንደ ወሰደ ከላይ ተናግረናል፤ ያን ጊዜ ተስፋ ተቈርጦ ቢተው ኖሮ የቆቃ መብራት ከዚያ ካሣ ባልበራ ነበር። አባቶቻችን ዕርቅ ደም ያድርቅ ሲሉ ዕርቅ በአንድ ቀን ይፈጸማል ማለታቸው አይደለም። በኦሮሞ ባህልም ጃርሳ አራራ የተባሉት የዕርቅ ሽማግሌዎች ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ደጋግመው ይቀመጣሉ እንጂ በመጀመሪያው ቀን ተነሥተው አይሄዱም። የከሸፈ ድርድር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ወንበሩን ጨርሶ ከቤት ማውጣት ነው። ነገር ግን ሦስተኛው ድርድር ሲመጣ ከታጣቂውና ከባለሥልጣኑ ሌላ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና ልጇን ያጣችው እናት የሚደመጡበት መንገድ ይኑር እንላለን።

የኑሮውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ጦርነት የውጭ ምንዛሪን ይበላል፤ አበዳሪንና ባለሀብትንም ያሸሻል። መንግሥት በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ከውጭ ለተበደረው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ዘንድ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለትም ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ቀድሞ በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በባንክ ያለው ዋጋ ከጥቁር ገበያው እጅግ ርቆ ለዘወትር ሊኖር እንደማይችል እናምናለን፤ በዚህ ረገድ ውሳኔው ይዋል ይደር እንጂ የማይቀር ነበር።

ነገር ግን ይህ ውሳኔ ወደ መቂና ወደ ባቱ ሲወርድ ምን ሆነ ብለን እንጠይቅ። ከሐይቁ ውኃ ስቦ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ የሚያስነሣው ሞተር ነዳጅ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ማዳበሪያውና የተባይ መድኃኒቱም እንዲሁ ናቸው። ወጪው ሲንር በአዳማ ገበያ ዘንቢል ይዛ የቆመችው እናት የምትከፍለው ይንራል። መንገዱ ደግሞ አስጊ ከሆነ መኪናው ይዘገያል፤ ቲማቲም ደግሞ ስምምነት እስኪፈረም አይጠብቅም፤ ገበሬው በማሳው ሲበሰብስበት ያለቅሳል፤ ገዢውም በገበያ አጥቶት ያማርራል። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ምንዛሪ ብቻ አላመጣውም፤ የሰላም መታጣትም አብሮ አመጣው። ብድሩ በዋሽንግተን ሲጸድቅ አስተማሪው፣ የጡረታ አበል የሚጠብቁት አዛውንትና ልጆቿን የምታሳድገው መበለት በዚያ አልነበሩም። ስለዚህ መንግሥት ሕመሙን ለሁሉ እኩል አድርጎ ከማካፈል ይልቅ ትከሻው ለሰፋው አብዝቶ፣ ለደከመው አሳንሶ ማካፈል ይገባዋል። ነጋዴውም በአሮጌው ዋጋ የገዛውን ዕቃ ዶላር ጨመረ ብሎ በአንድ ሌሊት እጥፍ ከማድረግ ይታቀብ።

ለመሆኑ ከእኛ ከቤተሰቦች ምን ይጠበቃል? የሰላም ድርድር በሩቅ ከተማ ቢደረግም ጠቡ የሚታደሰው ወይም የሚበርደው በየማዕዱ ዙሪያ በሚነገረው ቃል ነው። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል የወጡ ብዙ ሰዎች ሞቱ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ በሻሸመኔ ንጹሓን ተገደሉ፤ ቤትና ንብረትም ተቃጠለ። በዚያችው ከተማ በጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በተነሣው የሹመት ውዝግብ ሳቢያ ምእመናን በደጀ ሰላም ደማቸው ፈሰሰ፤ ውዝግቡም በየካቲት 8 ቀን በንግግር ወደ ስምምነት ደረሰ። በስንቱ ቤት ከእነዚህ ሐዘኖች አንዱ ብቻ ሲነገር ሌላው እንደ ባዕድ ሐዘን ይታለፋል! ልጅ የወላጁን የጎረቤት ሬሳ ለይቶ ማልቀስ ካየ፣ ነገ የሚፈረመውን ውል ከልቡ ሊቀበለው አይችልም። የቢሾፍቱን ሟች ያለቀሰ የሻሸመኔውንም ያልቅስ፤ የሻሸመኔውን ያለቀሰ የቢሾፍቱንም ስም በጸሎቱ ያንሣ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ስምምነት ተፈረመ የሚል ዜና በሰማችሁ ጊዜ አትቸኩሉ፤ ለመደሰትም ለመንቀፍም ጊዜ ስጡት። በጠረጴዛው ያልተቀመጠው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ተፈናቃዩ ወደ ቀዬው ተመለሰን፣ የሌሊቱ አውቶቡስ ያለ ሥጋት ገባን፣ የመቂ ሽንኩርት አዳማ ደረሰን ብላችሁ መርምሩ። ለእነዚህ ጥያቄዎች አዎን የሚል መልስ የሚሰጥ ሰላም ቢዘገይም እንታገሠው፤ አይደለም የሚል መልስ የሚሰጠውን ግን በፈራሚዎቹ ስም ታላቅነት አንደለል። በአዳማ ገበያ ሰው ከሰው ሲገናኝ አንዱ ሰላም ነው? ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ነጋ? ይላል። ሁለቱም ቃላት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ መልሱንም አብረን ልንሠራው የተሰጠን አደራ ነው።