ሠራዊቱ ከወጣ በኋላ

በዋሽንግተን፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የተባለውን ሠፈር በምሥራቅና በምዕራብ የሚያዋስኑት ጆርጂያ አቬኑና 16ኛው ስትሪት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲያመሩ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የአሜሪካ ምድር ጦር ሆስፒታል የነበረውን የዋልተር ሪድ ግቢ መካከላቸው አድርገው ያልፋሉ። በቢጫ ወባ መተላለፊያ ላይ ባደረገው ምርምር በታወቀው ወታደራዊ ሐኪም በሻለቃ ዋልተር ሪድ ስም የተሰየመው ይህ ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ተከፍቶ በ2011 ተዘጋ (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓ ናቸው)። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እስከ ኢራቅና አፍጋኒስታን የቆሰሉ ወታደሮች ታክመውበታል፤ ጄኔራል ፐርሺንግና ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ያረፉት እዚያው ነው።

የትኛው የጦር ሠፈር ይዘጋ፣ የትኛው ከሌላው ይቀላቀል የሚለውን የሚያጠናው ኮሚሽን በ2005 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት አገልግሎቱ በቤተስዳ ከሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ጋር ተዋሐደ፤ 110 ኤከር ከሚሆነው ግቢም 66 ኤከር ያህሉ ለዋሽንግተን ከተማ ተላለፈ፣ ከቀሪው አብዛኛው ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። እዚህ ላይ ብዙ የማይነገርለት አንድ ሕግ አለ። በ1994 የወጣው ይህ ሕግ የተዘጋ የጦር ሠፈር ለሲቪል አገልግሎት ሲታቀድ መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ፍላጎት እንዲጤንና እነርሱን ከሚረዱ ድርጅቶች ጋር ምክክር እንዲደረግ ያስገድዳል። በግቢው ቀድሞ የወታደሮች ማደሪያ የነበረው ኤብራምስ ሆል ዛሬ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና ቤት አልባ ለነበሩ የቀድሞ ወታደሮች መኖሪያ መሆኑ ስለዚህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

የቅርስ ባለሙያዎች አሮጌ ሕንፃን «ማደስ»ና «ለአዲስ አገልግሎት ማብቃት» ብለው ይለያሉ፤ የመጀመሪያው ሕንፃውን ወደ ቀድሞ መልኩ ሲመልስ፣ ሁለተኛው ደግሞ መለያ የሆነውን ገጽታውን ጠብቆ ሽቦውን፣ የውኃ መስመሩን፣ አሳንሰሩንና የክፍሎቹን አደረጃጀት ለዛሬ ኑሮ ይለውጣል። ሥራው ውድና አድካሚ ነው፤ በዘመኑ ለቀለም ይውል የነበረው እርሳስና ለሙቀት መከላከያ ይውል የነበረው አስቤስቶስ ለጤና ጠንቅ በመሆናቸው ማንም ከመግባቱ በፊት በጥንቃቄ መወገድ ወይም መታሸግ አለባቸው። በዋልተር ሪድ ለነርሶች መኖሪያ የተሠራው ዴላኖ ሆል በ2017 ትምህርት ቤት ሆነ። የሠራዊቱ የፓቶሎጂ ተቋም፣ ማለትም በሽታን ከሰውነት ናሙና የሚመረምረው ክፍል፣ በአቶሚክ ቦምብ ዘመን ፍርሃት፣ ጥቃትን እንዲቋቋም ታስቦ በወፍራም ኮንክሪት ተሠርቶ በ1955 የተመረቀ ሕንፃ ነበረው፤ ያ ይዞታ ዛሬ የሕፃናት ሆስፒታል የምርምር ግቢ አካል ነው። በ1970ዎቹ የተሠራው ግዙፉ ዋና ሆስፒታል ግን ፈረሰ፤ ይህም ትክክል ነበር፤ ሁሉን ለማትረፍ የሚሞክር ዕቅድ ብዙውን ጊዜ ምንም አያተርፍም።

በዋሽንግተን አጎራባች በአሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ያለው የቶርፒዶ ፋብሪካ ሌላ መንገድ ሄዷል። ግንባታው የተጀመረው ኖቬምበር 12 ቀን 1918፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ባቆመ ማግስት ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ መጋዘን ሆኖ የቆየውን ይህን ሕንፃ ከተማዋ በ1969 ገዛችው፤ ከ1974 ጀምሮም ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች በራቸውን ከፍተው የሚሠሩበት፣ ማንም ያለ ክፍያ ገብቶ የሚያይበት ማዕከል ሆኗል። በሲልቨር ስፕሪንግ ፎረስት ግሌን ደግሞ በ1887 ሆቴል፣ ቀጥሎም የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የነበረው ግቢ በ1942 በሠራዊቱ ተወስዶ የቁስለኞች ማገገሚያ ሆነ፤ ሠራዊቱ ለብልሽት ሲተወው የአካባቢው ነዋሪዎች ተሟግተውለት ከመፍረስ ዳነ። ዛሬ በአብዛኛው መኖሪያ ቤት ነው። ሁለቱም ሕንፃዎች ተርፈዋል፤ ነገር ግን የአሌክሳንድሪያው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲከፈት፣ የፎረስት ግሌኑ በዋናነት ለነዋሪዎቹ ሆነ። በዚህ ዓምድ አስተያየት የመጀመሪያው የሚበልጥ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም የጦር ሕንፃ የሚሠራው ወይም የሚያዘው በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ገቢ የሚያስገኝ የተመዘገበ ቅርስን በደንቡ መሠረት ለሚያድስ ባለንብረት የፌዴራል መንግሥት ካወጣው ወጪ 20 በመቶውን ከግብሩ ስለሚቀንስለት፣ ሕዝቡ ብዙ ጊዜ በእድሳቱም ሁለተኛ ይከፍላል። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሕዝብ ከበር ውጭ መቅረት የለበትም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ምኒልክ ሆለታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ሲሆን ለውጡ በተቃራኒው አቅጣጫ ተከናውኗል። ደርግ በሰኔ 1966 ዓ.ም. የተመሠረተበት የአዲስ አበባው የአራተኛ ክፍለ ጦር ሠፈርም ለትውልድ ምን ሆኖ ይቆይ የሚለው ጥያቄ፣ ታሪኩ መራራ ስለሆነ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም። ክፉ ነገር የታየበት ቦታ ለማስተማር የሚሰጠው ዕድል ከሌላው ይበልጣል።

በዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ግን ይበልጥ ቅርብ የሆነ ጉዳይ አለው። የቤት ኪራይ መናር ብዙዎችን ከአዳምስ ሞርጋን፣ ከዩ ስትሪትና ከኮሎምቢያ ሃይትስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ገፍቷል፤ ዕድሮችና ማኅበራትም አዳራሽ በሰዓት እየተከራዩ ይሰበሰባሉ። ዕድሉ ግን ቅርብ ነው፤ ከኮሎምቢያ ሃይትስ በስተምሥራቅ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን የሙቀት ወራቱን ያሳልፍበት የነበረው የጡረተኛ ወታደሮች ግቢ አለ፤ የሊንከን ጎጆ ታድሶ በ2008 ለጎብኚ የተከፈተ ሲሆን ከሰፊው ይዞታ 80 ኤከር ያህሉ ለመኖሪያና ለንግድ እንዲለማ ታስቧል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲወጣ ነዋሪ አስተያየት የሚሰጥባቸው ስብሰባዎች ይጠራሉ፤ ወንበሩን የሚሞሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤት ባለንብረቶችና የገንቢ ድርጅቶች ጠበቆች ናቸው። ለአረጋውያን በአቅማቸው የሚከራይ ቤት፣ ለልጆች አማርኛ የሚማሩበት ክፍል፣ ለለቅሶና ለሠርግ የሚበቃ የጋራ አዳራሽ የሚጠየቀው በዚያ ደረጃ፣ ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ውል ተፈርሞ የኪራይ ተመን ከወጣ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ሰሚ አያገኝም።