ጠመንጃን የሚያኖረው ጥይቱ ነው

የማውዘር ጥይት መዳፍ ላይ ሲቀመጥ የሌባ ጣት ያህል ይረዝማል። ሆዱ ሞላ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ የናስ ቀለህ አለው፤ ከአንገቱ በላይ ሹል አረር ብቅ ይላል። መጠሪያ ቁጥሩ 7.92 በ57 ነው። የመጀመሪያው የአፈሙዙን ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ጀርመን ለጦር ሠራዊቷ የመረጠችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ነው። የተሠራለት ሠራዊት ከነዘውዱ ታሪክ ሆኗል፤ ጥይቱ ግን ዛሬም በአውሮፓ ፋብሪካዎች ለአዳኞች ይመረታል።

አንድ ጥይት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ገበያ ላይ የሚቆየው ከሁሉ ብርቱ ስለሆነ አይደለም። ከዚህ የበለጠ ኃይል ያላቸው ብዙዎች ወጥተው ተረስተዋል። የሚያኖረው ሌላ ነው፤ ለብዙ ዓይነት ሥራ መብቃቱ፣ የተኳሹን ትከሻ አለመጉዳቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተፈለገበት ቦታ መገኘቱ። ጠመንጃ ያለ ጥይት ዱላ ነው፤ እንዲያውም ዱላ ይሻላል፣ ይቀላልና። ስለዚህ የጠመንጃን ዕድሜ የሚወስነው ብረቱ ሳይሆን ጥይቱ ነው። ይህን ለማየት ከወሎ የተሻለ አገር ብዙ አይገኝም፤ የአውሮፓ ጠመንጃ በየዘመኑ በዚህ ምድር አልፏል።

የጠመንጃዎቹ ስም ራሱ ከየት እንደመጡ ይናገራል። ሰናድር በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞት መቅደላ የወጣው የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም፣ ለበን ከፈረንሳዩ ለቤል፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጡ ናቸው። ቤልጅግ ደግሞ የአገሩን ስም እንደያዘ ቀርቷል። ከመርሳ ከተማ በስተደቡብ፣ በወሎ አምባሰል ውስጥ የምትገኘው ውጫሌም በዚህ ታሪክ አለችበት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ዛሬ የሚታወሰው በአንቀጽ 17 ውዝግብ ነው። በጊዜው ግን ለዳግማዊ ምኒልክ ብድርና የጦር መሣሪያ ያስገኘ ውል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አድዋ ላይ የጣሊያን ጠመንጃ ወደ ሰጪው ዞረ።

ከእነዚህ ሁሉ በገበሬው እጅ ረጅም ዘመን ከኖሩት አንዱ ውጅግራ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ የያዘችው ይህ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ጥይቱ እንደ አውራ ጣት ወፍራም ነው፤ ከሥሩም ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር አለው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ 25 ግራም ይመዝናል፤ ጥይቱ በሙሉ ሲመዘን ወደ 44 ግራም ይጠጋል። ባሩዱ ጥቁር በመሆኑ ሲተኮስ ነጭ ጭስ ይተፋል። አዳኙ መምታቱን ለማየት ጭሱ እስኪገለጥ መጠበቅ አለበት፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ተኩሱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃል። ፍጥነቱ በሰኮንድ 450 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዒላማው ራቅ ሲል አረሩ ቶሎ ይወርዳል።

እንዲህም ሆኖ ውጅግራ ተወደደ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለቤልን ስትይዝ አሮጌው መሣሪያ ትርፍ ሆነ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ጥይቱም አብሮት መጣ። ቀለሁ ጠንካራ ናስ በመሆኑ ከተተኮሰ በኋላ አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ፣ በአገር ቤት ባሩድና በቀለጠ እርሳስ እንደገና ይሞላል። ለባሩዱ የሚሆነው ድኝ ከአፋር በረሃ ይመጣል፣ ከሰሉ ከጓሮ ይገኛል። ፋብሪካው ባሕር ማዶ የሆነ ጥይት በገበሬ እጅ ሲታደስ፣ ጠመንጃውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ተፈላጊነቱ ጥይትን ገንዘብም አድርጎት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ማርትሬዛ ብር ለዕለት ገበያ በጣም ትልቅ ነበር። ቡናና በርበሬ የሚገዛ ሰው ዝርዝር ያስፈልገዋል። ክፍተቱን አሞሌ ጨውና ጥይት ሞሉት። የአንዱ ጥይት መጠን ከሌላው አይለይም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ፈላጊ አያጣም። ከአሞሌ ደግሞ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ዝናብ አይፈራም። ይሁንና ለምንዛሪ የሚበቃው ብዙ ሰው በያዘው ጠመንጃ የሚገባው ጥይት ነው። ብርቅ የሆነ ጥይት ምንም ቢያምር የሚቀበለው የለም። ገበያው ገና ያኔ የጥሩ ጥይትን መለኪያ አስቀምጦ ነበር።

ከየአገሩ የተሰበሰበ ጠመንጃ ግን ለጦር ሠራዊት አይመችም። የሰናድሩ ለውጅግራው፣ የለበኑ ለምንሽሩ አይሆንም። ዝናር ሙሉ ሆኖ ጠመንጃ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዘመናዊ ሠራዊት ለማቋቋም ሲታሰብ ጥይቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ተገቢ ሆነ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያ ዓመታት ማውዘር ከቤልጅግ ኤፍኤን ፋብሪካ የተገዛውም በዚህ ጊዜ ነው። የክብር ዘበኛን ያሠለጠኑትም የቤልጅግ መኮንኖች ነበሩ። ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ ጀርመን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1935 በድብቅ ማውዘርና ጥይት ላከች። ያም ሆኖ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ብዙው ዝንጉርጉር መሣሪያ እንደያዘ ነበር።

ማውዘር ከውጅግራ የሚለይበት በጥይቱ ውስጥ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ ተኳሹን አያጋልጥም፤ ከጥቁሩ ባሩድም በብዙ ይበረታል። የቀለሁ ሥር ከንፈር ስለሌለው ጥይቶቹ እርስ በርስ ሳይጠላለፉ ይደረደራሉ፤ አምስት ጎራሽ ለሆነው ማውዘርም ይህ ይመቻል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመኖች ድቡልቡሉን አረር በሹል ሲተኩት፣ 10 ግራም የሚመዝነው አረር በሰኮንድ 880 ሜትር ገደማ መብረር ቻለ። ሲሰላ ከአፈሙዝ ሲወጣ 3,900 ጁል ያህል ጉልበት አለው ማለት ነው። የውጅግራው በዚያ ሁሉ ክብደቱ 2,500 ገደማ ነው። አዲሱ ጥይት የአሮጌውን ግማሽ ያህል እየመዘነ፣ አንድ ተኩል እጥፍ ጉልበት ሰጠ። ሃምሳ ጥይት ታጥቆ ገደል ለሚወጣ ሰው ይህ ልዩነት በወገቡ ላይ የሚታወቅ ነው።

ሁለገብነቱም ከዚሁ ይመነጫል። በዚያው ቀለህ ቀለል ያለ አረርም ከ12 ግራም በላይ የሚመዝን ከባድ አረርም ይገባል፤ አዳኙ ጠመንጃ ሳይቀይር ከሚዳቋ እስከ አጋዘን ይደርሳል። ወሰን ግን አለው። ለጎሽና ለዝሆን እ.ኤ.አ. በ1912 እንደወጣው 375 ያለ ትልቅ ጥይት ያስፈልጋል። ሁሉን እችላለሁ የሚል ጥይት የለም፤ ጥሩው አብዛኛውን የሚችለው ነው።

አሜሪካም ብዙ ሳትርቅ ወደዚሁ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1906 የያዘችው «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» የተባለው ጥይት ቀለሁ 63 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ አሠራሩ የማውዘር ዘመድ ነው። ጥይቱን ለሚተኩሰው ጠመንጃ የፈጠራ መብት አሜሪካ ለማውዘር ኩባንያ ገንዘብ ከፍላለች። ዛሬ በዓለም ላይ «አንድ ጠመንጃ ብቻ ቢኖርህ» ሲባል ከሚጠሩት ጥይቶች አንዱ ይኸው ነው። ኢትዮጵያውያንም በሚገባ ያውቁታል። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ላይ የተዋጋው ይህን ጥይት ስምንት በሚጎርሰው ኤም ዋን ነበር፤ ጠመንጃው ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ዕርዳታ ወደ አገር ቤት ገብቷል።

ጥይቱ ከጠመንጃው እንደሚቀድም አርበኞችም ያውቁ ነበር። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ከውጭ የሚገባ ጥይት በአብዛኛው ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ የጠላትን ጠመንጃ የማረከ ሰው በብዙ ተጠቀመ፤ ጥይቱን ከዚያው ከጠላት ያገኛልና። የጣሊያኑ ጥይት ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በጉልበት ከማውዘር ያንሳል። ግን ሊማረክ በሚችልበት ቦታ ነበረ። ሩቅ ካለ ብርቱ ጥይት ቅርብ ያለ ደካማ ጥይት ይሻላል።

ማውዘርን ከኢትዮጵያ ገጠር የገፋውም ይኸው ሕግ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ የሶቪየት መሣሪያ በገፍ ሲገባ ክላሽ የዘመኑ ጠመንጃ ሆነ። የክላሽ ጥይት አጭር ነው፤ ከጫፍ እስከ ሥሩ 56 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 16 ግራም ገደማ። ጉልበቱ 2,000 ጁል ያህል ስለሆነ የማውዘርን ግማሽ ብዙም አያልፍም። ማዶ ለማዶ በሚደረግ ተኩስ አሮጌው ይበልጣል። ሆኖም የክላሽ ጥይት በየቦታው ተገኘ፣ የማውዘር እየጠፋ ሄደ። ማውዘር በጉልበት አልተሸነፈም፤ ጥይት አጣ።

በመርሳና በወልድያ መካከል፣ በደሴው መንገድ ላይ የምትገኘው ሲሪንቃ ለዚህ ሁሉ ሌላ መለኪያ ትሰጣለች። ምዕራቧ ተራራ፣ ምሥራቋ ወደ አፋር የሚወርድ ቆላ ነው፤ የመስኳ ጌታ ማሽላ ነው። ማሽላ ሲያሽት ሦስት ዓይነት ጠላት ይመጣበታል። ግሪሳ ከሰማይ፣ ዝንጀሮ ከገደል፣ ከርከሮና ጃርት ከጫካ። ለግሪሳ ጥይት ዋጋ የለውም። ማማ ላይ የቆመ ልጅ በወንጭፍና በጩኸት ይበልጠዋል፤ ጠጠር ከወንዝ ዳር ይለቀማል፣ ጥይት ግን በገንዘብ ይገዛል። ዝንጀሮም ቢሆን የሚፈራው አንዱን አረር ሳይሆን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ነው። ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ጥይት በማሽላ ማሳ ውስጥ ከወንጭፍ በኋላ የሚመጣ መሣሪያ ነው።

ሕጉም ቢሆን የጥይትን ሥራ አጥብቦታል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ብቻ አድርጎታል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ጠመንጃ መያዝን ራሱን በፈቃድ አስሮታል። ማውዘር ዛሬ በብዛት አዳኝ ያገኘው እንግዲህ በሌላ አገር ነው። በዚህ አገር የቀረለት ትልቁ መድረክ ለቅሶና ሠርግ ነው። በዚያ መድረክ ላይ ደግሞ ጠንካራ የሚያሰኘው ነገር ሁሉ ወደ አደጋ ይለወጣል። ሦስት ሺህ ሜትር አልፎ መሄድ የሚችል አረር ለሙሽራ ክብር ወደ ሰማይ ሲተኮስ አንድ ቦታ መውረዱ አይቀርም፤ የሚወርድበትን የሚመርጥ የለም። ክብሩን በእልልታና በፉከራ ማድረስ ይቻላል፤ ጥይቱ በዝናሩ ይቆይ።

የውጅግራ ታሪክ መጨረሻውን አግኝቷል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራን ጨምሮ፣ ወደ አሜሪካ ተጭነው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ሰደፋቸው በአገር ቤት እጅ የተጠገነ፣ ብረታቸው ግን አሁንም የሚሠራ ብዙዎች ናቸው። ውጅግራውን የገዛ ሰው ወልውሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ማውዘሩን የገዛው ሰው ግን አንድ ፓኬት ጥይት ከሱቅ ገዝቶ ወደ አደን ይወጣል።