ስላረጀ ላፕቶፕ

የብራና መጽሐፍ ገበታው ቢሰበር፥ ክሩም ቢበጠስ፥ ዳግመኛ ይጠረዛል እንጂ እንደማይጣል በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ያደግን ኹሉ እናውቃለን፡፡ ያረጀ ላፕቶፕም እንዲሁ ነው፡፡ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ስለሚያጓትተው ነውና፥ ይህ በኤስ.ኤስ.ዲ. ቢተካ፥ ሜሞሪውም የሚጨመርበት ኾኖ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ቢያድግ፥ ለልጆች ትምህርትና ለጽሕፈት ይበቃል፡፡ የዊንዶውስ 10 መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷልና፥ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ማሽን በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ይጫንበት፡፡ ባትሪው አብጦ ቢገኝ ግን እሳት ያስነሣልና፥ ሥራውን አቁሞ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል፡፡

ከኹሉ አስቀድሞ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍና ሰነድ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፡፡ የውል ወረቀቱ ከዲስኩ ጋራ የጠፋበት ሰው በችሎት ደጅ ሲተክዝ አይተናል፤ ዕቃው ይተካል፥ ማስረጃው ግን አይተካም፡፡