የቱሉ ዲምቱ ገበሬ ለጎረቤቱ ተቋም እንዳይሸጥ ምን ያግደዋል?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ የምትገኘው ቱሉ ዲምቱ በመረሬ አፈሯ ላይ በሚበቅለው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር ስትታወቅ የኖረች ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት መነሻው እዚሁ ሆነ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው ተቋቋመ። መሬቱ ለልማት የተወሰደበት ገበሬ ካሣውን ተቀብሎ ሲነሣ፣ የቀረው ደግሞ በጠበበች ማሳ እያረሰ በከተማ ተከቦ ይኖራል።

ይህ ገበሬ ዛሬ ከታላላቅ ሸማቾች ጋር ጎረቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሦስት ጊዜ ይመገባሉ። ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ ይቀርብላቸዋል። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ የእንጀራው ጤፍም የሚገዛው በመንግሥት ገንዘብ ነው። ከማሳው አጠገብ ላለ ማእድ ቤት የሚገባ ምስር እህል በረንዳ ደርሶ፣ የደላላውን ድርሻ ተሸክሞ የሚመለስ ከሆነ ግን ተጎጂው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ በጀቱም ነው።

ለአነስተኛ አምራች ድጋፍ የሚሰጥ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ደንግጎ ነበር። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ወቅት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት፣ በርና መስኮት እያመረቱ አቅርበዋል፤ የኮብልስቶን ንጣፍም በብዙ ከተሞች የተሠራው በእነዚሁ እጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. አዋጁ በአዲስ አዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። አዋጅ ቢለዋወጥም የገበሬውን ዕድል የሚወስነው ግን የጨረታው ሰነድ ነው።

ሰነዱን ገልጦ ማየት ይበቃል። የዓመቱ እህል በሙሉ በአንድ ጨረታ ከወጣ፣ 200 ኩንታል ምስር ያለው ማኅበር 2,000 ኩንታል ከተጠየቀበት ውድድር ገና በሩ ላይ ይመለሳል። የጨረታ ማስከበሪያው በሲፒኦ ካልሆነ አይያዝም ከተባለም፣ ማዳበሪያ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጥረው ማኅበር ያንን ገንዘብ በዝግ አስቀምጦ ሊከርም አይችልም። ክፍያው እህሉ ከተበላ ከወራት በኋላ የሚፈጸም ከሆነ ደግሞ ይህን መታገሥ የሚችለው ባለ ካፒታል ነጋዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ግዥው በየዓይነቱና በየመጠኑ ተከፋፍሎ ይውጣ፤ በጥሬ ገንዘብ ማስከበሪያ ፈንታ ያደራጃቸው መሥሪያ ቤት የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ ይያዝ፤ ክፍያውም በውሉ በተጻፈው ቀን ይፈጸም። ይህ ምጽዋት አይደለም። ጎረቤት ኬንያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶውን ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች እንዲሰጥ ደንግጋለች።

አንዳንድ የግዥ ሠራተኞች የሚያቀርቡት ሥጋት አለ፤ በከንቱ መናቅም የለበትም። «የገበሬ እህል ጠጠርና አፈር ይበዛዋል፣ በተባለው ቀንም አይደርስም» ይላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ለማኅበራት መሪዎችም ይመለሳል። እህሉ ተበጥሮና ተመዝኖ፣ እንደ ደረጃው ተለይቶ በመጋዘን ካልተቀመጠ፣ የአባላቱ ድርሻም በመዝገብ ካልሰፈረ ልዩ አስተያየት ቢደረግም ማኅበሩ በሁለተኛው ዓመት ይባረራል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየተሸጋገረ ስለሆነ ንባብና ኮምፒዩተር የሚያውቅ የአባል ልጅን ጸሐፊ አድርጎ ማሠልጠን ዛሬ ከሚዛን ግዥ የማያንስ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የከፋው የማኅተም ኪራይ ነው። ነጋዴው በማኅበር ስም ይወዳደራል፤ መሪው ጥቂት ብር ተቀብሎ ማኅተሙን ያሳርፋል። የአባላቱ እህል ጎተራው ውስጥ እያለ «የገበሬ ማኅበር አቀረበ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። በዚህ መንገድ የሚያልፍ እያንዳንዱ ውል ለገበሬው የተተወውን ትንሽ በር የሚዘጋ ነው። መሪዎች ይህን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት አንሥተው፣ ከአባላት ያልተሰበሰበ እህል በማኅበሩ ስም እንዳይወጣ ቢወስኑና ቃለ ጉባኤውን ለግዥ ክፍሎች ቢያሳዩ፣ ልዩ አስተያየት ለመጠየቅ አፋቸውን ሞልተው ሊናገሩ ይችላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ጨረታው በክረምት ከወጣ የገበሬው ጎተራ ባዶ፣ ማሳው ገና ቡቃያ የሆነበት ጊዜ ላይ ይውላል፤ አዝመራው የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው። እህል ያከማቸ ነጋዴ በሐምሌ ሲወዳደር ገበሬው ዝናብ ይጠብቃል። የማዕቀፍ ስምምነት የሚባለው የግዥ ዘዴ ዋጋና መጠን ቀድሞ ተወስኖ ርክክቡ በየወቅቱ እንዲፈጸም ስለሚፈቅድ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ የሚረከቡት ምስርና ሽምብራ በዚሁ ሊያዝ ይችላል። ለዚህ ግን ማኅበራቱ በዓመቱ ምን ያህል ኩንታል እንደሚያቀርቡ በጽሑፍ አዘጋጅተው፣ ዕቅድ በሚወጣባቸው በሚያዝያና በግንቦት ወራት የግዥ ክፍሎቹን በር ማንኳኳት አለባቸው።