መጀመሪያ ደንበኛ አድርጉን

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። ከ100 ሚሊዮኑ የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ። «ሕዝቡ ገንዘብ ስለሌለው ነው» ይባላል። ይሁን። እኔ ሌላም ምክንያት ይታየኛል።

እስቲ ነገሩን ከወረታ እንየው። የፎገራን ሩዝ የሚሸጥ ሰው የባህር ዳርንና የጎንደርን ዋጋ የሚጠይቀው በስልኩ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን በኢትዮጵያ ያስጀመረው በዚያው ነሐሴ ነው (ግጥምጥሞሹን ልብ በሉልኝ)። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔትም በኮከብ 127 መሰላል ይሠራል፤ አልክድም። ግን ሩዝ ሻጭና ገዢ የሚያገናኝ አፕ ልሥራ ብሎ ያሰበ የወረታ ልጅ በኮከብና በመሰላል ምን ያድርግ? አዲስ አበባ ያለው እኩያው ሥራውን ሲያሳድግ እሱ ደንበኞቹን የት ያግኛቸው?

«መዝጋት የመንግሥት ውሳኔ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ የቴሌ ባለቤትስ ማን ሆነና? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተዘጋው አጭር የጽሑፍ መልእክት የተመለሰው በ2000 መባቻ ነበር። ያኔ ሰበቡ «ቴሌ ብቻውን ስለሆነ» ነበር። ተፎካካሪ መጣ፤ መዘጋቱ ግን አልቀረም።

ጥያቄዬ ትንሽ ናት፦ ኔት ሲዘጋ የገዛነው ጥቅል ቀኑ አይቁጠር፤ መዘጋቱም በአጭር መልእክት ይነገረን። የ9,900 ብሩን ወሬ ከዚያ በኋላ እናወራለን።